ዕዳ የማይወደው ሥራ አስኪያጅ

የሆነስ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሥጋ ቤት ነበር። አባትና እናት በደቡብ ጀርመን፣ በዳንዩብ ወንዝ ዳር በምትገኘው ኡልም ከተማ ሥጋ እየቆረጡና ቋሊማ እያዘጋጁ ይሸጣሉ። ሁለቱ ወንዶች ልጆች፣ ኡሊና ዲተር፣ በዚያ ቤት አደጉ። ኡሊ የተወለደው ጃንዋሪ 5 ቀን 1952 ነው፤ እዚህ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጦርነቱ ካለቀ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ጀርመንም ፍርስራሽዋን ጠርጋ አልጨረሰችም። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በዓይኑ እያየ ነው የሚያድገው። ጠዋት ደንበኛ በሩን ከፍቶ ካልገባ ማታ መሳቢያው ባዶ ነው። ኡሊ ሆነስ ኋላ ባየርን ሙኒክን ሲመራ ከወሰናቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከዚያ መሳቢያ የተማራቸው ይመስሉኛል።

እግር ኳሱ ግን ቀደመ። በ1970 አሠልጣኝ ኡዶ ላቴክ ሁለት ወጣቶችን ወደ ሙኒክ አመጣ፤ አንዱ ሆነስ፣ ሌላው ፀጉረ ጨብራራው ፖል ብራይትነር። እዚያ የጠበቋቸው ግብ ጠባቂው ዜፕ ማየር፣ ፍራንዝ ቤከንባወርና ገርድ ሙለር ነበሩ። ሆነስ ፈጣን ነበር፤ ክፍት ሜዳ ካገኘ የሚደርስበት ተከላካይ አልነበረም። ከ1972 እስከ 1974 ሦስት ተከታታይ የቡንደስሊጋ ዋንጫ፣ ከ1974 እስከ 1976 ደግሞ ሦስት ተከታታይ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ አነሣ። በ1974 ብራስልስ ላይ በተደረገው የፍጻሜ ድጋሚ ጨዋታ ባየርን አትሌቲኮ ማድሪድን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ሁለቱን ግብ ሆነስ፣ ሁለቱን ሙለር አገቡ። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር፣ ሙኒክ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሆላንዶች ጨዋታውን ጀምረው አንድም ጀርመናዊ ኳስ ሳይነካ ዮሃን ክራይፍን ሳጥን ውስጥ የጣለው ሆነስ ነበር። ፍፁም ቅጣት ምቱ ገባ፤ ጀርመን ግን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን አስቀረች። በ22 ዓመቱ ተጫዋች የሚመኘውን ሁሉ አግኝቶ ነበር።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በ1975 ፓሪስ ላይ ከሊድስ ዩናይትድ ጋር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ያ ጉልበት ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። በቀጣዩ ዓመት ጁን 20 ቀን ቤልግሬድ ላይ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር 2 ለ 2 አለቀና ወደ መለያ ምት አመራ። ሆነስ ተንደርድሮ መጥቶ መታ፤ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ወደ ሌሊቱ ሰማይ ወጣች። ቀጥሎ የመጣው አንቶኒን ፓኔንካ ማየር ወደ ጎን እስኪወድቅ ጠብቆ በቀስታ መሃል ላይ አስቀመጣት። ያ አመታት ዛሬም በፓኔንካ ስም ይጠራል። ጀርመን ውስጥ ግን ለብዙ ጊዜ ሲወራ የኖረው የሆነስ ኳስ ነው። በ1978 በውሰት ወደ ኑርምበርግ ሄደ፤ ጉልበቱ እዚያም እምቢ አለው።

ባየርንም ከሆነስ ጉልበት በተሻለ ሁኔታ ላይ አልነበረም። ቤከንባወር በ1977 ወደ ኒው ዮርክ ኮስሞስ ሄዷል፤ ሙለርም በ1979 መጀመሪያ አሜሪካ ገብቷል። የክለቡ ዓመታዊ ገቢ 12 ሚሊዮን ማርክ ገደማ ሲሆን ዕዳው ወደ 7 ሚሊዮን ማርክ ይጠጋ ነበር። ገቢው በአብዛኛው የሚገኘው ከትኬት ሽያጭ ስለነበር ዝናብ የጣለበት ቅዳሜ ራሱን የቻለ ኪሳራ ነው፤ የኦሎምፒክ ስታዲየሙ ጣሪያ ሁሉንም ተመልካች አይሸፍንም። ማርች 1979 ላይ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ቪልሄልም ኖይዴከር ማክስ ሜርከልን አሠልጣኝ አድርጎ ሊያመጣ ሲል ተጫዋቾቹ አንቀበልም ብለው አመፁ፤ ኖይዴከር ሥልጣኑን ለቀቀ።

ሆነስ ገና ተጫዋች ሳለ ነጋዴነቱ ታይቶ ነበር። በ1978 ብራይትነርን ከብራውንሽቫይግ ለመመለስ ክለቡ ገንዘብ ሲቸግረው፣ የትውልድ ከተማውን የጭነት መኪና አምራች ማጊሩስ ዶይትስን አግባብቶ ስሙን ማሊያው ላይ እንዲያስተዋውቅ ያደረገው እሱ ነው። እንግዲህ ሜይ 1 ቀን 1979 የባየርን ሥራ አስኪያጅ ሆነ። 27 ዓመቱ ነበር፤ በቡንደስሊጋ ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ ያን ወንበር የያዘ የለም። ትናንት አጠገቡ ጫማቸውን ሲያስሩ የነበሩ ጓደኞቹ ዛሬ ደመወዝ ሊደራደሩ ቢሮው ይመጣሉ። ኳስ የተጫወተ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይጠፋውም።

ጅምሩ አማረ። በአሠልጣኝ ፓል ቸርናይ ሥር ብራይትነርና ካርል ሄንዝ ሩመኒገ ተጣምረው በ1980 እና በ1981 የሊጉን ዋንጫ አመጡ። ወንድሙ ዲተርም ከሽቱትጋርት መጥቶ ፊት መስመር ላይ ይጫወት ነበር።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1982 ሆነስ ጀርመን ከፖርቱጋል የምታደርገውን ጨዋታ ለማየት ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከሙኒክ ወደ ሃኖቨር ተነሣ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው። አውሮፕላኗ ሃኖቨር ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት በጨለማው ውስጥ ተከሰከሰች። አንድ የደን ጠባቂ በአካባቢው ሲዘዋወር አንድ ሰው ረግረጉ ላይ ሲንገዳገድ አገኘ። ሆነስ ነበር። የቀሩት ሦስቱ ሞተዋል። እሱ ከአደጋው አንድም ነገር አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ከመነሣታቸው በፊት ያለውን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ሜይ 1 ቀን በጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ዲተር ጭንቅላቱ ተፈነከተ። ነጭ ፋሻ እንደ ጥምጥም ተጠምጥሞለት ወደ ሜዳ ተመለሰና፣ ባየርን ኑርምበርግን 4 ለ 2 ሲረታ የመጨረሻዋን ግብ በዚያው በቆሰለ ራሱ ገጭቶ አገባ። ሁለቱ ወንድማማቾች ያን የጸደይ ወራት እንዴት እንዳለፉት ሳስበው ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ለዓይን የማይታይ፣ ለጋዜጣ ርዕስም የማይመች ነው፤ የባየርን ታሪክ ግን እዚያ ውስጥ ነው። በ1984 ሆነስ ሩመኒገን ለኢንተር ሚላን ሸጠ። ከ10 ሚሊዮን ማርክ በላይ ተከፈለው፤ ለዚያ ዘመን እጅግ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ያ አንድ ዝውውር የክለቡን ዕዳ ከላዩ አነሣለት። ደጋፊው ኮከቡን በማጣቱ ቢያዝንም፣ ከሞንሸንግላድባህ የመጣው ወጣት ሎታር ማቴዎስ ቡድኑን ያዘ፤ ባየርንም በ1985፣ በ1986 እና በ1987 ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫን ከባንክ ተበድሮም ማምጣት ይቻላል፤ በስፔንና በጣሊያን ብዙዎች ያደርጉት ነበር። ሆነስ ግን ያላገኘውን ገንዘብ አያወጣም። ትርፍ ሲገኝ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ሒሳብ ውስጥ ያስገባዋል። ይህ ተቀማጭ በጀርመን እግር ኳስ ውስጥ እንደ አንድ ተጫዋች ስም እስኪታወቅ ድረስ ሲነሣ ኖረ፤ ጋዜጠኞች ስለ ዝውውር ሲጠይቁት በኩራት የሚጠቅሰው እሱን ነው።

ወደ አሜሪካ ሄዶም ክለቦቹ እንዴት እንደሚነግዱ አየ። እዚያ የቡድኑ አርማ በኮፍያ፣ በሹራብ፣ በስኒ ላይ ይሸጣል፤ ደጋፊው ስታዲየም ባይገባ እንኳ ቤቱ ሆኖ ለክለቡ ገንዘብ ይከፍላል። ሆነስ ይህን ሙኒክ አምጥቶ ተከለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የግል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለቡንደስሊጋ መሽቀዳደም ሲጀምሩ ደግሞ የስርጭት ገቢው ከትኬቱ እየበለጠ ሄደ። ማሊያው ላይ ከማጊሩስ በኋላ ኮምፒውተር አምራቹ ኮሞዶር፣ ከዚያ ኦፔል፣ ከ2002 ጀምሮ ቴሌኮም ተተኩ። በግሉ ደግሞ በ1985 ከአንድ ሸሪኩ ጋር ኑርምበርግ ውስጥ የቋሊማ ፋብሪካ አቋቋመ። የሥጋ ሻጩ ልጅ ወደ አባቱ ሙያ መመለሱ ነው፤ ሚሊየነር ያደረገውም ይህ ፋብሪካ ነው።

ኦክቶበር 1991 ላይ አሠልጣኝ ዩፕ ሃይንከስን አባረረ። ሃይንከስ በ1989 እና በ1990 ሻምፒዮን ያደረገው ሰው ነው፤ ጓደኛውም ነበር። ውጤት ሲበላሽ የሕዝቡ ጫና በረታበትና ፈረመ። የተተኩት አልሆኑለትም፤ ባየርን ውድድር ዘመኑን 10ኛ ሆኖ ጨረሰ። ሆነስ በሥራ አስኪያጅነቱ የሠራው ትልቁ ስሕተት ይህ እንደሆነ ደጋግሞ በአደባባይ ተናግሯል። የሃይንከስ ነገር ወደፊት ይመለሳል።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሆነ፤ ለእኔ ከዋንጫዎቹ አንዳንዶቹን ይበልጣል። ገርድ ሙለር ከአሜሪካ ተመልሶ ሙኒክ ውስጥ መጠጥ ጥሎት ነበር። ለምዕራብ ጀርመን በ62 ጨዋታ 68 ግብ ያገባ፣ ስታዲየሙን ሲያስጮህ የኖረ ሰው፣ ሥራም ተስፋም አጥቶ ቤቱ ተቀምጧል። ሆነስ የቀድሞ ጓደኞቹን ይዞ ገባ፤ ሙለር ሕክምና እንዲጀምር አግባቡት፣ እየሄዱም ጠየቁት። ከማገገሚያው ሲወጣ ሆነስ ሥራ አዘጋጅቶ ጠበቀው፤ በክለቡ ወጣቶችና ሁለተኛ ቡድን ውስጥ አሠልጣኝ አደረገው። ሙለር ከዚያ ወዲህ መጠጥ አልቀመሰም። የልምምድ ሜዳው ላይ ለታዳጊዎች ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደሚዞሩ እያሳየ ለብዙ ዓመታት ኖረ፤ ቶማስ ሙለርን የመሰሉ ልጆች በእጁ አልፈዋል። ሆነስ ይህን ሲያደርግ ማስታወቂያ አላስነገረም። በትንሽ ሥጋ ቤት የታመመ ሠራተኛ እንደማይባረር ሁሉ፣ ክለቡንም እንዲያ ነበር የያዘው።

በ1990ዎቹ ቤከንባወርና ሩመኒገ በአመራር ተመለሱ፤ ቤከንባወር በ1994 ፕሬዚዳንት ሆነ። ክለቡ በኮከቦቹ ጠብና ሐሜት ሳቢያ ሆሊውድ የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1998 ኦትማር ሂትስፌልድ ሲመጣ ረጋ። በ1999 ባርሴሎና ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ በባከነ ሰዓት በሁለት ግብ ዋንጫውን ከእጃቸው ነጠቃቸው፤ ያን ምሽት የእኛም አገር ሰው አይረሳውም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 2001፣ በአራት ቀን ልዩነት ሁለት ዋንጫ መጣ፦ ሃምቡርግ ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ በፓትሪክ አንደርሰን ቅጣት ምት የሊጉ፣ ሚላን ላይ ቫሌንሲያን በመለያ ምት ረትተው የሻምፒዮንስ ሊጉ።

በእነዚህ መካከል፣ በ2000 መጸው፣ ሆነስ ብቻውን የቀረበት ጊዜ አለ። የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሊሆን የተመረጠው ክሪስቶፍ ዳውም ኮኬይን ይጠቀማል የሚለውን ወሬ ለጋዜጣ በሰጠው ቃል አነሣ። አገሩ በሙሉ ዞረበት፤ በየስታዲየሙ ይሰደብ፣ በሞትም ይዛትበት ጀመር። ዳውም ንጹሕነቱን ለማሳየት ፀጉሩን ለምርመራ ሰጠ፤ ውጤቱ ኮኬይን መውሰዱን አረጋገጠ። ሆነስ ትክክል ሆኖ ተገኘ፣ ሆኖም ወሬን በጋዜጣ ማንሣት ተገቢ ነበር ብዬ ለመፍረድ እቸገራለሁ።

ቀጥሎ ስታዲየሙ መጣ። ኦክቶበር 21 ቀን 2001 የሙኒክ ነዋሪ በከተማዋ ሰሜን አዲስ ስታዲየም ይሠራ አይሠራ ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ይሠራ አለ። በ2002 ክለቡ የእግር ኳስ ክፍሉን ወደ አክሲዮን ማኅበር አዛወረ፤ አዲዳስ 10 በመቶውን በ75 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ገዛ፣ ኋላም አውዲና አሊያንዝ ተከተሉት። አብላጫው 75 በመቶ ግን በአባላቱ እጅ ቀርቷል፤ አንድ ቱጃር መጥቶ ባየርንን ሊገዛው አይችልም። አሊያንዝ አሬና 340 ሚሊዮን ዩሮ ወጥቶበት በ2005 ተከፈተ። ግማሹ የከተማው ተቀናቃኝ የ1860 ሙኒክ ነበር። በ2006 ያ ክለብ በገንዘብ እጥረት ሊወድቅ ሲል ባየርን ድርሻውን በ11 ሚሊዮን ዩሮ ገዝቶ ስታዲየሙን ለብቻው ያዘ።

በእነዚያው ዓመታት ለሌሎችም ደርሷል። በ2003 የሃምቡርጉ ዛንክት ፓውሊ ሊከስር ሲል ባየርንን ይዞ ሄዶ የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ፤ ገቢው በሙሉ ለባለሜዳዎቹ ሆነ። ሥር የሰደደ ተፎካካሪው ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ደመወዝ መክፈል ሲያቅተው ደግሞ 2 ሚሊዮን ዩሮ አበደረው። ይህን ብድር አገሩ ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

በ2007 ባየርን አራተኛ ሆኖ ከሻምፒዮንስ ሊግ ሲቀር ያ ተቀማጭ ተከፈተ። ፍራንክ ሪቤሪን፣ ሉካ ቶኒንና ሚሮስላቭ ክሎዘን ጨምሮ አዳዲስ ተጫዋቾች ወደ 70 ሚሊዮን ዩሮ በሚደርስ ወጪ መጡ፤ ለዚህም አንድ ሳንቲም ብድር አልተወሰደም። ኖቬምበር ላይ በአባላት ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ደጋፊ ተነሥቶ በአዲሱ ስታዲየም ድባብ የለም፣ ሁሉ ነገር ለሀብታሞች ሆኗል ሲል ሆነስ ፊቱ ቀልቶ ጮኸ። የሚደጉማችሁ ማን ይመስላችኋል አለ፤ እናንተ በ7 ዩሮ ደቡብ በኩል ቆማችሁ እንድታዩ በየሳሎኑ ከተቀመጡት ሀብታሞች ገንዘቡን የምንወስደው እኛ ነን። አዳራሹ ደነገጠ። ቁጣው የበዛ ነው፤ ሒሳቡ ግን ትክክል ነበር። የባየርን የቁም ቦታ ትኬት በእንግሊዝ ከሚከፈለው ጋር ሲተያይ ዛሬም ድረስ ርካሽ ነው።

በኖቬምበር 2009 የሥራ አስኪያጅነቱን ለወጣት አስረክቦ የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2011 ሃይንከስን መልሶ አመጣ፤ የሃያ ዓመቱ ቁጭት መካካሻ አገኘ። በ2012 ሻምፒዮንስ ሊጉን በገዛ ስታዲየማቸው ለቼልሲ በመለያ ምት አስረከቡ። ክረምቱን ሃቪ ማርቲኔዝን በ40 ሚሊዮን ዩሮ ገዙ። ሜይ 25 ቀን 2013 ዌምብሌይ ላይ አርየን ሮበን በ89ኛው ደቂቃ ባገባት ግብ ዶርትሙንድን ረቱ፤ ባየርን በዚያ የውድድር ዘመን ሦስቱንም ዋንጫ አነሣ። በአንድ ወቅት 2 ሚሊዮን ዩሮ የተበደረው ያው ዶርትሙንድ ነው።

ሆነስ ያን ምሽት ግን ደስታው የተሟላ አልነበረም። ከወር በፊት ስዊዘርላንድ ባለ የባንክ ሒሳብ ግብር ደብቋል የሚል ዜና ወጥቶ ነበር። በ2000 አካባቢ የአዲዳሱ ሮበር ሉዊ ድሬፉስ በሰጠው ገንዘብና ዋስትና የውጭ ምንዛሪ እየገዛና እየሸጠ፣ ራሱ እንደተናገረው ቀን ከሌሊት ይቆምር ነበር። ለክለቡ አንድ ማርክ ሳያሰላ የማያወጣ ሰው በራሱ ገንዘብ እንዲህ መሆኑን አሁንም አስታርቄ ማየት ይከብደኛል። ግብሩን በሙሉ እንደሚከፍል በአደባባይ የሚናገር ሰው ነበርና ሕዝቡ ክፉኛ ተቀየመው። ማርች 10 ቀን 2014 ሙኒክ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ክሱ 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ራሱ 18.5 ሚሊዮን መሆኑን አመነ፤ በመጨረሻም 28.5 ሚሊዮን ደረሰ። በአራተኛው ቀን ሦስት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ተፈረደበት። ይግባኝ አልጠየቀም፤ በማግስቱ ከሥልጣኑ ሁሉ ለቀቀ። ጁን 2 ቀን ላንድስበርግ እስር ቤት ገባ። እሱ እስር ላይ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ክለቡ የአሊያንዝ አሬናን ዕዳ ከታቀደው 16 ዓመት ቀድሞ ከፍሎ ጨረሰ።

ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ ቀን ቀን ወጥቶ በክለቡ የወጣቶች ክፍል እንዲሠራ፣ ማታ እንዲመለስ ተፈቀደለት። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2016 የእስራቱን ግማሽ ጨርሶ ወጣ፤ ኖቬምበር ላይ አባላቱ መልሰው ፕሬዚዳንት አደረጉት። በ2017 ለታዳጊዎች የተሠራው 70 ሚሊዮን ዩሮ የወጣበት ካምፓስ ተከፈተ። ኖቬምበር 15 ቀን 2019 መሪነቱን ለሄርበርት ሃይነር ሲያስረክብ የክለቡ ዓመታዊ ገቢ 750 ሚሊዮን ዩሮ ደርሶ ነበር፤ በ1979 ሥራ አስኪያጅ ሲሆን 12 ሚሊዮን ማርክ ገደማ ነበር።

የክብር ፕሬዚዳንት ቢሆንም በተቆጣጣሪ ቦርዱ ውስጥ ቀረ፤ ከውሳኔም አልራቀም። ሜይ 27 ቀን 2023 ባየርን ኮሎኝ ላይ በጀማል ሙሲያላ የ89ኛ ደቂቃ ግብ ለ11ኛ ተከታታይ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በዚያኑ ቀን ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኦሊቨር ካንና የስፖርት ኃላፊው ሃሰን ሳሊሃሚድዚች ከሥራቸው ተሰናበቱ። የ71 ዓመቱ ሆነስ ከውሳኔው ጀርባ ከነበሩት አንዱ ነው። በካን ቦታ የተቀመጠው ያን ክርስቲያን ድሬሰን ነበር፤ ለአሥር ዓመት የክለቡን ፋይናንስ ሲመራ የቆየው ሰው።